በእሳትና በጢስ ሳንባው የተጐዳ ሰው ትንፋሹን በልምምድ ስለ ማበርታት

ሰው እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን፤ ውሃ ሳይጠጣ ጥቂት ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ሳይተነፍስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቈይም። ትንፋሽ ከሀብት ሁሉ የቀደመ ሀብት ሲሆን እስኪጐድልበት ድረስ ማንም አይቈጥረውም። ቤት በተቃጠለ ጊዜ ሰዎች የሚያዩት የቆዳን ቁስል ነው። ቁስሉ ይታጠባል፤ ይጠቀለላል፤ ጠባሳም ሆኖ ይሽራል። በውስጥ ያለው የሳንባ ቁስል ግን ለዓይን አይታይምና፤ ሰውየው ከእሳት ከወጣና ቆዳው ከደረቀ «ዳነ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ዳገት ሲወጣ ቢያለከልክ፤ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ቢቀመጥ፤ ልጅም እንደ ሆነ ከጓደኞቹ ጋር መሮጥ ቢያቅተው፤ «ሰነፈ» ወይም «ፈራ» ይሉታል እንጂ ሳንባው ገና እንዳልተመለሰ የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀው ስለዚህ ነው። የነገሩም ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በእሳትና በጢስ ሳንባው የተጐዳ ሰው ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ የሚበረታው ተኝቶ በመክረም አይደለም፤ በሐኪም ፈቃድ፥ በልክና በየቀኑ በሚደረግ የትንፋሽና የአካል ልምምድ ነው። ልጅ ፊደልን እየቈጠረ ወደ ንባብ እንደሚደርስ፤ የተጐዳም ሰው ትንፋሹን እየቈጠረ ወደ ቀድሞው ኃይሉ ይቀርባል።

1ኛ፤ ስለ ሳንባ ሥራ

ሳንባ ሁለት ነው። የቀኙ በሦስት፤ የግራው በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው። አየር በአፍንጫ ገብቶ በጉሮሮ በኩል ወደ ዋናው የአየር ቧንቧ ይወርዳል፤ ቧንቧውም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ሄዶ እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። የእነዚህ ከረጢቶች ቍጥር በጐልማሳ ሰው 300 ሚሊዮን ያህል ነው። በዚያ ደም ኦክሲዥን የሚባለውን ሕይወት ሰጪ አየር ይቀበላል፤ ያደፈውንም አየር ይመልሳል። ጤነኛ ጐልማሳ አርፎ ሳለ በአንድ ደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በያንዳንዱም ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል።

የቧንቧዎቹ ውስጥ እጅግ ረቂቅ በሆኑ ፀጉሮችና በቀጭን ንፍጥ የተሸፈነ ነው። ፀጉሮቹ ሌሊትና ቀን እየተወዛወዙ ትቢያውንና ጥላሸቱን ወደ ላይ ይጠርጋሉ፤ ያም አክታ ሆኖ ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ሳንባ ራሱን የሚያንቀሳቅስበት ጡንቻ የለውም። የአንጥረኛ ወናፍ የሚሰብውና የሚጫነው እጅ ከሌለ በራሱ እንደማይነፋ፤ ሳንባም እንዲሁ ነው። እጅ የሚሆኑለት በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻና በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ የልምምዱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የጠፋውን የሳንባ ክፍል እንደ ገና ማብቀል አይቻለንም፤ ወናፉን የሚስቡትን እጆች ማበርታት፤ ደረትን ማላላት፤ የታፈነውንም የሳንባ ክፍል መክፈት ግን ይቻላል።

2ኛ፤ እሳትና ጢስ ሳንባን የሚጐዱበት መንገድ

ጉዳቱ በአራት መንገድ ይመጣል። መጀመሪያው ግለት ነው። የጋለ ደረቅ አየር አብዛኛውን ጊዜ አፍንና ጉሮሮን ይጠብሳል እንጂ ወደ ታች ሳይወርድ ይበርዳል፤ የፈላ ውሃ እንፋሎት ግን ግለቱን ይዞ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የተጠበሰ ጉሮሮ ወዲያው ላያብጥ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ግን እያበጠ ሄዶ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው በጢሱ ውስጥ ያለው መርዝና ጥላሸት ነው። ይህ የቧንቧዎቹን ልባስ ይልጣል፤ ጠራጊዎቹን ፀጉሮች ይገድላል፤ አክታውም ወፍሮ መንገድ ይዘጋል። ሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታና ቀለም የሌለው አየር ነው። ይህ አየር ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲዥን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታልና፤ ደም ኦክሲዥንን የሚሸከምበትን ስፍራ ይነጥቃል። አራተኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የደረት ቆዳ ሲቃጠል ጠባሳው እየጠነከረና እየተሰበሰበ ደረትን እንደ ጠባብ ቀሚስ ይጨብጠዋል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈራ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ኅዳር ወር ታይቷል። ኮኮናት ግሮቭ በሚባል የመጠጥና የጭፈራ ቤት እሳት ተነሥቶ 492 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ ቆዳቸው እምብዛም ያልተቃጠለ፤ በውስጥ ግን ጢስና የጋለ አየር የፈጃቸው ነበሩ። የከተማይቱ ሐኪሞች የተረፉትን እየመረመሩ የጻፉት ሁሉ፤ በእሳት ጊዜ ሳንባ ከቆዳ ባላነሰ ሊታሰብለት እንደሚገባ ለዓለም አስተማረ።

ስለዚህ በሚቃጠል ቤት ውስጥ ጢስ የታፈነ ሰው፤ የአፍንጫው ፀጉር የተለበለበ ወይም ድምፁ የጐረነነ፤ አክታውም ጥላሸት የቀላቀለ እንደ ሆነ፤ ቆዳው ምንም ባይነካ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። «እስኪ ይደር» ማለት አይገባም። ከዚህ በታች የምንናገረው ልምምድ ሐኪሞች ከሞት ካተረፉት በኋላ የሚመጣ ነው እንጂ የእነርሱን ሥራ የሚተካ አይደለም።

3ኛ፤ አብዝቶ መተኛት ስለሚያመጣው ጉዳት

በአገራችን ለታመመ ሰው የሚደረግ ርኅራኄ የታወቀ ነው። አልጋ ይነጠፍለታል፤ ብርድ እንዳይመታው በር ይዘጋበታል፤ ጠያቂ ይሰበሰባል፤ ቡና ይቈላል፤ ዕጣን ይጤሳል። ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን ሳንባው ለተጐዳ ሰው አንዳንዱ ፍቅር ሸክም ይሆንበታል።

ሰው ረዥም ጊዜ ተንጋሎ ሲተኛ የሳንባው የታችኛው ክፍል በደንብ አይከፈትም፤ አክታም በዚያ ይጠራቀማል፤ ከተጠራቀመው አክታም የሳንባ ምች ሊነሣ ይችላል። ጡንቻም የማይሠራበት ከሆነ ይሟሽሻል። በብርቱ የተቃጠለ ሰው ደግሞ ከሌላው በሽተኛ የተለየ መከራ አለበት፤ ሰውነቱ ቁስሉን ለመሻር ሲል ለብዙ ወራት የገዛ ጡንቻውን እየበላ ይነዳል። ድያፍራምም ጡንቻ ነውና አብሮ ይደክማል። ቁስሉ ሲያመውም ጐንበስ ብሎ፤ ክንዱን ከጐኑ አጣብቆ፤ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። በዚህ ልማድ ላይ ጠባሳው ሲደርቅ ደረቱ እንደ ተጨበጠ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ እሽክርክሪት ይሆናል። ትንፋሽ ስለሚያጥረው አይራመድም፤ ስለማይራመድ ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ስለ ደከመ ትንፋሹ ከቀድሞው ይልቅ ያጥራል። ይህን እሽክርክሪት የሚሰብረው በልክ የተጀመረ እንቅስቃሴ ነው። የአገራችንም ደጋ ለዚህ ሰው ይከብደዋል። ከባሕር ጠረፍ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነውና፤ የደጋ ሰው ልምምዱን በዝግታ ሊጀምር ይገባል።

4ኛ፤ ይህ ሕክምና ከየት እንደ መጣ

የትንፋሽን ልምምድ ለሕክምና ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኮርትላንድ ማክማን የሚባል ሰው ነበር። እርሱ በሎንዶን ከተማ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የንግግር ጕድለት ያለባቸውን ሰዎች የሚያስተምር መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደረታቸው የቈሰለ ወታደሮች በመጡ ጊዜ የትንፋሽና የአካል ልምምድ አስተማራቸው፤ የሠራውንም በ1915 ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ አወጣ። ይህ ሥራ ከመምህር እጅ መጀመሩ መምህራንን ሊያስደስት ይገባል።

ስለ ተቃጠሉ ሕፃናት ደግሞ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በጋልቨስተን ከተማ ባለው የሽራይነርስ የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገው ምርመራ ታላቅ ትምህርት ሰጥቷል። ከሰውነታቸው ሰፊ ክፍል የተቃጠለ ልጆች በሁለት ተከፍለው፤ ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ሌላ ለ12 ሳምንት በባለሙያ ጥበቃ ሥር የእርምጃ፥ የሩጫና የጡንቻ ልምምድ አደረጉ፤ የቀሩት ግን የተለመደውን ሕክምና ብቻ ተቀበሉ። በመጨረሻው ሲለኩ የተለማመዱት ልጆች ሳንባቸው የተሻለ አየር ማስገባትና ማስወጣት ችሎ ተገኘ። ይህም በ2002 ታተመ። እንግዲህ ከእሳት የወጣ ልጅ ይሮጥ ዘንድ ማበርታት ድፍረት ሳይሆን ሕክምና እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

5ኛ፤ ልምምዱ የሚደረግበት መንገድ

አስቀድሞ ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሽተኛውን አይቶ ይፍቀድ። አዲስ ቆዳ የተለጠፈለት ሰው ስፍራው እስኪይዝ ድረስ የማይንቀሳቀሰው አካል ሊኖር ይችላልና፤ ይህን ሐኪሙ ይነግራል። ልምምዱ ንጹሕ አየር ባለበት፤ ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን።

ሀ) የሆድ ትንፋሽ። ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ወይም ጀርባውን በትራስ ተደግፎ ከፍ ይበል። አንድ እጁን በደረቱ፤ አንዱን በሆዱ ላይ ያድርግ። በአፍንጫው ሲያስገባ በሆዱ ላይ ያለው እጅ ከፍ ይበል፤ በደረቱ ላይ ያለው ግን እምብዛም አይነቃነቅ። ሲያስወጣ ትኩስ ቡና እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሞጥሙጦ በዝግታ ያውጣ። ሲያስገባ እስከ 2፤ ሲያስወጣ እስከ 4 ይቈጠር። ከ5 እስከ 10 ትንፋሽ አድርጎ ይረፍ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ይድገመው። ፈጥኖ አብዝቶ ቢተነፍስ ራሱን ያዞረዋልና አይቸኵል።

ለ) የጎድን ትንፋሽ። ሁለት እጁን በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ላይ በግራና በቀኝ ያድርግ። አየሩን በጥልቅ ሲያስገባ አጥንቶቹ እጆቹን ወደ ውጭ ይግፏቸው። እስከ 3 ተቈጥሮ ይያዘው፤ ከዚያም ይልቀቀው። ይህ ተከድኖ የቈየውን የሳንባ ክፍል ይከፍታል።

ሐ) አክታን ማውጣት። ሦስት ወይም አራት ጊዜ በጥልቅ ከተነፈሰ በኋላ፤ መስታወትን በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፉን ከፍቶ «ሃ» እያለ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አየሩን በኃይል ያውጣ። ቀጥሎ በቀስታ ተንፍሶ ይረፍ። እንዲህ ሲያደርግ አክታው ያለ ብርቱ ሳል ወደ ላይ ይመጣል። አክታው ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀም።

መ) ክንድንና ደረትን ማላላት። አየር ሲያስገባ ሁለት ክንዱን ወደ ላይ ያንሣ፤ ሲያስወጣ ያውርድ። ትከሻውንም ወደ ኋላ እየሳበ ደረቱን ይክፈት። ጠባሳ የሚስበው ሰው መሳቡን እስኪያውቀው ድረስ ይዘርጋ፤ ቆዳው እስኪሰነጠቅ ግን አይታገል።

ሠ) እርምጃ። በሜዳ ላይ 5 ደቂቃ በመራመድ ይጀምር። ከተቻለው በየጥቂት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እየጨመረ እስከ 20ና 30 ደቂቃ ይድረስ፤ ይህም ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ይሁን። ልኩን የሚያውቁት በንግግር ነው፤ እየተራመደ አጭር ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ልኩ ነው፤ ቃል ካጠረው አልፏልና ይዘግይ፤ ያለ ችግር መዝፈን ከቻለ ደግሞ ገና ሊጨምር ይችላል። እርምጃው ከቀለለው በኋላ ከዱካ ላይ እጁን ሳይደገፍ መነሣትና መቀመጥ ጭኑን ያበረታዋል።

ለትንሽ ልጅ እንዲህ ያለው ሥርዓት ሊሰለቸው ይችላል። ስለዚህ በሕፃናት ሐኪም ቤቶች የሚሠራበት አንድ ጨዋታ አለ። በጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ውሃ ተደርጎ፤ ልጁ በንጹሕ ቱቦ ወደ ውሃው በዝግታ እየነፋ ያንፈቀፍቀዋል። የውሃው ክብደት ቧንቧዎቹን ከፍቶ ይይዝለታል። ውሃውን እንዳይስበው አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ፤ ውሃውም በየቀኑ ይለወጥ፤ ቱቦውንም ሌላ ልጅ አይጠቀምበት።

6ኛ፤ ስለ መለካትና ስለ መጻፍ

ያልተለካ ልምምድ ተስፋ ያስቈርጣል፤ በሽተኛው ዛሬ ከትናንት የተሻለ መሆኑን በራሱ አያውቅምና። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ 30 ሜትር በገመድ ለክቶ በሁለት ድንጋይ ምልክት ያድርግ። ሐኪሙ ከፈቀደለት፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ በሽተኛው በ6 ደቂቃ ውስጥ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይቈጠር። ሲደክመው ይቁም፤ ሲበረታ ይቀጥል፤ ሩጫ ግን አይሆንም። ይህ በሐኪም ቤቶች የሚሠራበት መለኪያ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ንባብ ነው። አንድ ጊዜ ተንፍሶ እስከ ስንት እንደሚቈጥር ይጻፍ። መዝሙረ ዳዊትን የሚደግም ልጅ በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል ቃል እንደሚያደርስ፤ ቁርኣን የሚቀራም እንዲሁ፤ ይታይ። ዜማ የተማረ ሰው ትንፋሽን መቈጠብና ማስረዘም ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ በእንግሊዝ አገርም የቈየ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለትንፋሻቸው ብለው በማኅበር የሚዘምሩባቸው ክፍሎች አሉ። ቀኑ፤ የተራመደው ርቀትና የተቈጠረው ቍጥር በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ወደ ሐኪም ሲመለስም ይዞት ይሂድ።

7ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

ደረቱን ቢወጋው፤ ራሱን ቢያዞረው፤ ከንፈሩ ቢጠቍር፤ ወይም አርፎ 10 ደቂቃ ተቀምጦ ትንፋሹ ባይመለስ፤ ልምምዱ ይቁምና ወደ ሐኪም ይወሰድ። ትኩሳት ቢይዘው፤ አክታው ቢያረንጕድ ወይም ደም ቢቀላቅል እንዲሁ ነው። በሐኪም ቤት ሳለ በጉሮሮው መተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት የነበረ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ቢሰማበት፤ የአየር ቧንቧው በጠባሳ ጠብቦ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገይ ይታይ፤ ይህን ልምምድ አይፈታውም።

ጢስ ለዚህ ሰው ጠላት ነው። መኝታው ከምድጃው ይራቅ፤ እንጀራ ሲጋገርና ኩበት ሲነድ ከቤት ይውጣ፤ በእርሱ ዘንድ ዕጣንም ሲጋራም አይጢስ። በጎረቤት ቤት የሚጠጣ ቡና ፍቅርን አይቀንስም። በሩም ቀን ቀን ይከፈትለት።

የደከመ ጡንቻ ያለ መብል አይበረታም። ባቄላ፥ ምስር፥ ዕንቍላልና ወተት እንደ ተቻለ ይሰጠው። ሕመምተኛ ሆኖ ስለ ጾም ልቡ የሚጨነቅ ቢኖር ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም። በእስልምናም ለታመመ ሰው ጾሙን እስኪሽለው ማቈየት የተፈቀደ ነው።

8ኛ፤ የመምህራንና የሽማግሌዎች ድርሻ

ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው ለጥቂት ቀን ነው፤ መምህርና ጎረቤት ግን ዓመቱን ሁሉ ያዩታል። ስለዚህ መምህር ሆይ፤ ከቃጠሎ የተነሣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ በጨዋታ ሰዓት ብቻውን በጥላ ሥር አታስቀምጠው፤ ከሌሎቹም እኩል እንዲሮጥ አታስገድደው። የራሱን ልክ ስጠው፤ ሲጨምርም ጓደኞቹ ይወቁለት። ስለ ጠባሳው የሚሳለቅበትን ገሥጽ፤ ያፈረ ልጅ ጐንበስ ብሎ ይቀመጣልና፤ የጐበጠም ደረት አይተነፍስም።

ሽማግሌዎችም ሆይ፤ «ልጁ ይረፍ እንጂ፤ ምን ያንገላቱታል» የሚል ቃል ከእናንተ አፍ ሲወጣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይሰማዋል። እንደዚሁም «ሐኪሙ ያዘዘውን ያድርግ፤ እኔ አብሬው እራመዳለሁ» የምትሉ እንደ ሆነ ይሰማችኋል። የ12 ሳምንት ልምምድ ረዥም ነው፤ ብቻውን የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በመንገድ ይቀራል። አብሮት የሚራመድና የሚቈጥርለት ያለው ሰው ግን ይዘልቃል።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሳንባው የተጐዳ ሰው ሁሉ እንደ ቀድሞው ይሆናል አንልም፤ ጉዳቱ የከፋበት ሰው ጥቂት ጕድለት ይቀርበታል። ነገር ግን ከአልጋ ወደ ደጃፍ፤ ከደጃፍ ወደ ምንጭ፤ ከምንጭም ወደ ትምህርት ቤት መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን መንገድ በዕውቀት ያሳጠረለት ሰው ከእሳት ካወጣው ሰው ያነሰ ሥራ አልሠራም።